ሲራራው ስንት ገበያ ይውላል? — አንድን ገጸ ባሕርይ በብዙ ጨዋታ ይዞ ስለ መዞር ወግ፦ ዳሰሳ

ከአዲስ አበባ ተነስቶ በደብረ ብርሃን፣ በደሴና በወልድያ አድርጎ ወደ ቆቦ የሚዘልቀው አውራ ጎዳና ሁለት ሮቢቶችን ያልፋል። አንዷ ከደብረ ሲና ቁልቁለት በታች ያለችው ሸዋ ሮቢት ናት። ሌላዋ ከወልድያ ወዲያ፣ ቆቦ ሳይደረስ የምትገኘው የእኔ ከተማ፣ የራያዋ ሮቢት ናት። የሮቢት ሰው ርቆ ሄዶ "አገርህ የት ነው?" ሲባል መልሱ በአንድ ቃል አልቆ አያውቅም። "ሮቢት" ይላል። "የትኛዋ?" ይሉታል። "የራያዋ፣ ከቆቦ ወዲህ ያለችው" ብሎ ይጨርሳል። ይህን ካልጨመረ ሰሚው ሌላ ገበያ፣ ሌላ ወንዝ፣ ሌላ ዘመድ እያሰበ ይቀራል። ስም አንድ ሆኖ ቦታ ሁለት በሆነ ጊዜ ጨዋነቱ ያለው በሁለተኛዋ መልስ ውስጥ ነው።

በዚህ ዳሰሳ የማነሳው ጉዳይ ከዚህ ጥያቄ ጋር አንድ ዘር ነው። ሰዎች በኢንተርኔት ተሰባስበው በሚጫወቱት የሚና ጨዋታ ውስጥ አንድ ተጫዋች የፈጠረውን ሰው ይዞ ሁለትም ሦስትም ጨዋታ ቢገባ ምን ይፈቀድለታል? ለየጨዋታው ባለቤቶችና አብረውት ለሚጫወቱት ምን ዕዳ አለበት? ነገሩ ቀላል ይመስላል። ስንት ወዳጅነት እንዳፈረሰ ግን ያየ ያውቀዋል፤ እኔም አንዱን ለማፍረስ ደርሼ ነበር።

ነገሩ ምንድን ነው?

የሚና ጨዋታ ማለት እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ሰው ፈጥሮ፣ በዚያ ሰው አፍ እየተናገረ፣ በዚያ ሰው እጅ እየሠራ፣ ከሌሎች ጋር አንድ ታሪክ የሚያበጅበት ጨዋታ ነው። በድምፅም በምስልም ይሆናል። እኔ የምጫወተው ግን በጽሑፍ ነው። አንዱ ይጽፋል፣ ሌላው ካቆመበት ይቀጥላል፣ አድሚኑ ዳኛ ይሆናል። የተፈጠረውን ሰው መጽሐፍ "ገጸ ባሕርይ" ይለዋል፤ ተጫዋቹ "ካራክተር" ይለዋል።

መሠረቱ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ እቃቃ ነው። ጭቃው ወጥ፣ ቅጠሉ እንጀራ ሆኖ አንዷ እናት፣ አንዱ አባት፣ ትንሹ ደግሞ ሳይወድ በግዱ ሕፃን ይሆናል። በልጅነቴ አንዲት የሰፈራችን ልጅ ጠዋት በእኛ ግቢ "እናት" ሆና ስትጫወት ውላ፣ ከሰዓት በኋላ ጎረቤት ሄዳ እዚያም እናት ልሁን ያለችበትን ቀን አልረሳውም። "እዚህ እናት አለች፤ አንቺ እንግዳ ሁኚ" አሏት። "እኔ እኮ ሦስት ልጆች አሉኝ" ብላ ተከራከረች። "እነሱ የእዚያ ግቢ ናቸው፤ እዚህ የሉሽም" ተባለች። ቆማ አሰበችና "እሺ፣ ገበያ ስሄድ ልጠይቃችሁ ጎራ ያልኩ እናት ነኝ" ብላ ገባች፤ ጨዋታውም ደራ። አዋቂዎች ዛሬ የሚከራከሩበት ነገር ሁሉ በዚያች ግማሽ ደቂቃ ውስጥ ነበረ። እናትነቷን አልጣለችም። ልጆቿን ግን በሰው ግቢ አላስቆጠረችም።

ከየት መጣ?

ጉዳዩ ከኢንተርኔት ይቀድማል። ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ የተባለውን ጨዋታ በ1974 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ሲያወጡ፣ ተጫዋቾች ጠረጴዛ ከበው እየተቀመጡ ነበር የሚጫወቱት። ብዙም ሳይቆይ ተጫዋቹ በአንዱ ጠረጴዛ ያሳደገውን ጀግና ይዞ ሌላ ጠረጴዛ መሄድ ጀመረ። እዚያ ያገኘውን አስማተኛ ሰይፍ እዚህ መዘዘና የአስተናጋጁን ጨዋታ በአንድ ማታ ጨረሰበት። ጋይጋክስ በ1979 እ.ኤ.አ. ለጨዋታ መሪዎች ባሳተመው መመሪያ ውስጥ፣ ሌላ ቦታ ልምድና ንብረት ያካበተ ጀግና ወደ ነባር ጨዋታ ሲገባ መሪው እንዴት ሊቀበለው እንደሚገባ አንድ ክፍል ሰጥቶ የጻፈው ይህ ችግር ስላስጨነቀው ነው።

መፍትሔውም በዚያው ወገን ተፈለገ። ከ1987 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተጫዋቾቹ ማኅበር አንድ ከተማ ፈጥሮ፣ ማንም ሰው በየትኛውም የተጫዋቾች ጉባኤ ላይ ያንኑ ጀግናውን ይዞ እንዲጫወት አደረገ። ከ2000 እስከ 2008 እ.ኤ.አ. የቆየው ሊቪንግ ግሬይሆክ የተባለው የጋራ ጨዋታም፣ ከ2014 እ.ኤ.አ. ወዲህ ያለው አድቬንቸረርስ ሊግም ይህንን ነው ያሰፉት። ሥርዓቱ በወረቀት ላይ ቆሟል፤ ጀግናው በየጨዋታው ያገኘው ወርቅ፣ ያተረፈው ልምድ፣ ያጣው ነገር ሁሉ በመዝገብ ይሰፍራል። መዝገቡን ያላሳየ ሰው ሰይፉን አይመዝም። ከሩቅ ላየው እንደ ቀረጥ ደረሰኝ ነው፤ ኬላ ላይ የማይገኝ ደረሰኝ ዕቃውን ያስወርሳል።

በኢንተርኔቱ በኩል ሮይ ትረብሾና ሪቻርድ ባርትል በእንግሊዝ የኤሴክስ ዩኒቨርሲቲ በ1978 እ.ኤ.አ. ማድ የተባለውን የጽሑፍ ዓለም ጀመሩ። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መግቢያ እንደ ላምዳሙ ያሉት የጽሑፍ ዓለሞች መጡ፤ ከዚያ በኋላ ላይቭጆርናል፣ ቴሌግራም፣ ዲስኮርድ የተባሉት መድረኮች ተከታተሉ። በየደረጃው ከአንዱ ጨዋታ ወደ ሌላው መሻገር እየቀለለ ሄደ። ድሮ ጀግናን ለማሻገር አውቶቡስ መሳፈር ያስፈልግ ነበር። ዛሬ አውራ ጣት ይበቃል። ወጉ የላላው መንገዱ ስላጠረ ይመስለኛል፤ መንገደኛ በመንገድ ላይ ስለሚሄድበት ቤት ያስብ ነበርና።

መንገደኛና መንትያ

ነገሩን የሚያዩ ሰዎች በሁለት ጎራ ይከፈላሉ። እኔ "መንገደኛ" እና "መንትያ" ብዬ ልጥራቸው።

በመንገደኛው መንገድ ገጸ ባሕርዩ አንድ ሰው ነው። ትናንት እዚያ ነበር፣ ዛሬ እዚህ ነው፤ ያየውን ያስታውሳል፣ የቆሰለው ይጠዘጥዘዋል። የዚህ አብነት በታሪካችን የፈረስ ስም ነው። አፄ ምኒልክ በየሄዱበት አባ ዳኘው ናቸው፤ ራስ አሉላ አባ ነጋ፣ የወሎው ንጉሥ ሚካኤል አባ ሻንቆ። የፈረስ ስም ከድንኳን ድንኳን አይቀየርም፤ ባለቤቱ በአንዱ ጦር ሜዳ የሠራው በሌላው ይፎከርበታል፣ ያሳፈረውም ያሳፍርበታል። ስሙን ይዞ የሚዞር ሰው ዕዳውንም ይዞ ይዞራል።

በመንትያው መንገድ ግን ጠባዩ አንድ፣ ሕይወቱ ብዙ ነው። በየጨዋታው ከመጀመሪያው ይወለዳል። የዚህ አብነት አለቃ ገብረ ሃና ናቸው። አለቃ በ19ኛው መቶ ዘመን የኖሩ የፎገራ ሰው፣ የቤተ ክርስቲያን ሊቅ ነበሩ፤ በልጃቸው ስም የሚጠራው የተክሌ አቋቋምም ከእሳቸው እንደተገኘ ይነገራል። በሰው አፍ ያሉት አለቃ ግን በየቡና ስኒው አዲስ ሕይወት አላቸው። ጎጃሜው አንድ ያደርጋቸዋል፣ ወሎዬው ሌላ ያደርጋቸዋል፣ ሸዌው ሦስተኛ ይጨምራል። ማንም "ባለፈው ታሪክ እኮ እንዲህ ሆነው ነበር" ብሎ አይሟገትም። ሆኖም ማንም ቢሆን አለቃን ደደብ አድርጎ አይተርክም። ምላሳቸው ሹል፣ ነገራቸው ባለ ሁለት ስለት መሆኑ አይነካም። ታሪኩ እንደ ተራኪው ይለዋወጣል፤ ጠባዩ ግን የጋራ አደራ ነው።

ሁለቱም መንገዶች የተከበሩ ናቸው። ነውሩ ሁለቱን እንደ ጥቅም መቀያየሩ ላይ ነው። ያገኘውን ሹመት ሲፈልግ "እኔ ያው ሰው ነኝ" የሚል፣ ያጠፋው ሲነሳበት "እዚህ ሌላ ሰው ነኝ" የሚል ተጫዋች የትኛውንም መንገድ አልያዘም። ስለዚህ የመጀመሪያው ወግ ሲገቡ መናገር ነው፤ ይህን ካራክተር ሌላ ቦታም እጫወተዋለሁ፣ እዚህ የማመጣው መንገደኛውን ነው ወይም መንትያውን ነው ማለት። "የትኛዋ ሮቢት?" ሳይባሉ መመለስ ነው።

ዕቃና ጉልበት

ስለ ዕቃ ብዙ መናገር አያስፈልግም፤ ከጋይጋክስ ዘመን ጀምሮ ብዙ ተብሎበታል፣ የሚበዛው ሰውም ተስማምቶበታል። በሌላ ጨዋታ የተገኘ ሀብት፣ ሹመትና ኃይል በአስተናጋጁ ፈቃድ ካልሆነ በር ላይ ይቀራል። በእኛ አገር ከቆላ የመጣ እንግዳ ዱላውን ከደጃፍ አስደግፎ እንደሚገባ ማለት ነው። ዱላው የእሱ መሆኑን ማንም አይክድም፤ ሲወጣ ያገኘዋል።

ዕቃ ካልሆነው ጉልበት መካከል የሚረሳው ግን የአስተናጋጁን ቤት ከሌላ ቤት ጋር ማመዛዘን ነው። "እዚያ ጨዋታ አድሚኑ እንዲህ አይከለክልም"፣ "እዚያ ጽሑፉ ረዘም ይላል" እያሉ መናገር እንግዳ ወጥ እየቀመሰ የጎረቤትን ወጥ እንደ ማመስገን ነው። "እንደ አገሩ ይኖሯል፣ እንደ ወንዙ ይሻገሯል" የሚለው ተረት በራያ ሜዳ ላይ ቀልድ አይደለም። ከምዕራቡ ተራራ የሚወርደው ጎርፍ ጎሊናን በአንድ ሰዓት ውስጥ ሌላ ወንዝ ያደርገዋል፤ ትናንት በተሻገሩበት ዛሬም እሻገራለሁ ያለን ይወስደዋል።

የጋራ ትዝታ

የጉዳዩ ልብ ያለው ግን እዚህ ነው። የራሴን ልናገር።

የእኔ ካራክተር ሲራራ ነጋዴ ነው። ከአፋር አሞሌ ጨው በግመል ጭኖ የራያን ገበያዎች የሚዞር፣ ዋጋ ቀድሞ የማይናገር፣ የሰው ጤና ከመጠየቁ በፊት የከብቱን ጤና የሚጠይቅ ሰው ነው። በሦስት የቴሌግራም ቡድኖች ውስጥ ይዤው ገባሁ፤ ነጋዴ ነውና ለብዙ ገበያ የተፈጠረ መሰለኝ። በመጀመሪያው ቡድን ሚስት ነበረችው። ሚስቱን የምትጽፋት ሩቅ ከተማ የምትኖር፣ ፊቷን አይቼ የማላውቃት ተጫዋች ነበረች። እሷ የራሷን ካራክተር በወባ ልትገድላት ወሰነች፤ የሞቱን ማታም አብረን ጻፍነው። ሦስት ሳምንት ያህል ለቅሶውን፣ ሙሾውን፣ ግመሎቹ ያለ እሷ ውኃ አልጠጣ ማለታቸውን ተቀባብለን ስንጽፍ ቆየን። ከጻፍኩት ሁሉ እንደዚያ ያለ የለኝም።

ከዚያ በሁለተኛው ቡድን አንድ ተጫዋች ሲራራውን "ሚስት የለህም ወይ?" ብሎ ጠየቀው። እኔም ያንን ለቅሶ አውጥቼ ዘረገፍኩት። የመጨረሻ ቃሏን፣ የእጇን ሙቀት፣ እሷ ራሷ የጻፈቻቸውን ዓረፍተ ነገሮች ሳይቀር እንደ ሲራራው ትዝታ አድርጌ ጻፍኩ። ቡድኑ አደነቀኝ፤ በልብ ምልክት አጥለቀለቁኝ። ያቺ ተጫዋች በሌላ ካራክተር እዚያው ቡድን ውስጥ እንዳለች አላወቅሁም ነበር። ማታ ለብቻዬ ጻፈችልኝ፦ "ያ ለቅሶ እኮ የሁለታችን ነበር። ብትጠይቀኝ እሺ እልህ ነበር። ምስጋናውን ለብቻህ ስትበላ ሳይ ግን የሞተችው ሁለተኛ ጊዜ የሞተች መሰለኝ።"

ሰበብ ለመደርደር ቃጥቶኝ ነበር። ሲራራው የእኔ ነው፣ ትዝታውም የእሱ ነው ልል ነበር። ግን እውነቱ ሌላ ነው። ካራክተሩ የእኔ ሊሆን ይችላል፤ የደረሰበት ነገር ግን በቦታው የነበሩት ሁሉ ነው። ሚስቱን ሌላ ሰው ጻፋት፣ መንደሩን ሌላ ሰው አቆመው፣ ዝናቡን አድሚኑ አዘነመው። የአገራችን የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 እንኳ የሚጠብቀው ሐሳብን ሳይሆን የተሠራውን ሥራ ነው፤ ሰዎች በጋራ የሠሩትንም የጋራ ይለዋል። እኔ ሕግ ፊት የሚያስቆም ነገር አላደረግሁም ይሆናል። የጎደለኝ ጨዋነት ነበር።

ከዚህ የምወስደው ወግ ይህ ነው። ጠባይ ያለ ፈቃድ ይሻገራል፤ ሲራራው በየትኛውም ገበያ የከብት ጤና ቢጠይቅ ማንንም አይነካም። ጠባሳም ሳይብራራ ይሻገራል፤ "ሚስቴ ሞታለች" ብሎ ማለፍ ይችላል። ታሪኩ ራሱ፣ የሌላ ሰው ቃልና የሌላ ሰው ካራክተር ያለበት ታሪክ ግን ጠይቀው የሚወስዱት ነው። ፍቅርና ጠላትነትም እንዲሁ። በአንዱ ጨዋታ ያገባ ካራክተር በሌላው ቢያገባ መንትያ ከሆነ ነውር የለበትም፤ ሆኖም ሁለቱን ሚስቶች የሚጽፉት ተጫዋቾች ነገሩን ከእሱ አፍ ይስሙት እንጂ ከሌላ ሰው አይስሙት።

የሰሙትን አለማሰማት

ሁለተኛው አደራ ምሥጢር ነው። በሁለት ጨዋታ የሚገኝ ተጫዋች ሁለት ዓይነት ወሬ ይሰማል፤ ካራክተሩ የሰማውንና እሱ ራሱ ከመጋረጃ ጀርባ የሰማውን። ከተጫዋቾቹ አንዱ በመጀመሪያው ቡድን "ይህ ደግ ሽማግሌ በመጨረሻ ከዳተኛ ይሆናል" ብሎ አጫውቶኝ፣ ያንኑ ሽማግሌ በሁለተኛው ቡድን ይዞት ቢመጣ፣ ሲራራው ገና ሲያየው ሊጠረጥረው አይገባም። ተጫዋቹ የሚያውቀውን ካራክተሩ እንዳያውቅ ማድረግ በአንድ ጨዋታም ከባድ ነው። በሁለት ሲሆን ደግሞ ጥንቃቄው በእጥፍ ያድጋል።

በዚህ ረገድ ከሶለል በዓል ልጃገረዶች የምንማረው አለ። በራያ ቆቦ ከነሐሴ 16 ጀምሮ፣ በዋግ ሻደይ፣ በላስታ አሸንድዬ በሚባልበት በዚያው ሰሞን፣ ልጃገረዶች የበዓሉን ቅጠል በወገባቸው አስረው፣ ተቆነጃጅተው፣ ከበሮ ይዘው ከቤት ቤት ይዞራሉ። ያቺው አውጪ፣ እነዚያው ተቀባዮች፣ ያው ከበሮ ናቸው። ዜማውን ይዘው ይዞራሉ፤ ውዳሴውን ግን ለየደጃፉ አዲስ ያወጣሉ። አንድ ጊዜ በር ላይ ቆሜ ሳዳምጥ፣ ከኋላ ያለች ትንሽ ልጅ ቀድመው ከወጡበት ቤት ያወጡትን የአባወራ ስም በስሕተት ደገመችው። አውጪዋ ከበሮውን ሳታቆም ዞር ብላ በዓይኗ ብቻ ገሠጸቻትና ስሙን በዜማው ውስጥ አስተካከለችው። በአንዱ ቤት የታየና የተሰጠ ነገር በሌላው ደጃፍ አይነሳም። የተዘጋጀ የመግቢያ ጽሑፍን ቀድተው በሦስቱም ቡድን ለሚለጥፉ ተጫዋቾች የምለው ይኸው ነው። ዜማው ይቆይ፣ ግጥሙ ግን ለቤቱ ይውጣ።

ጊዜና ኔትወርክ

"ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል" ይላል ተረቱ። አንድን ካራክተር ብዙ ቦታ ከሚያዞሩት ብዙዎቹ የሚሉት ይህን ነው፤ አንዱ ቡድን ቢበተን የደከሙበት ሰው አብሮ እንዳይሞት። እውነት አላቸው። ግን ሁለት ባላ ተክሎ በአንዱ ብቻ የሚንጠለጠል ሰው ሌላውን ለምን ያስቆመዋል? በአንዱ በየሰዓቱ እየጻፈ በሌላው ሳምንት የሚጠፋ ተጫዋች፣ በጠፋበት ጨዋታ ውስጥ አንድ ሰው በር ላይ እጁን ዘርግቶ እንዲቆም ያደርጋል። የሱን መልስ ካላገኘ መቀጠል አይችልምና።

እኛ በዚህ አካባቢ ያለን ተጫዋቾች ስለ መጥፋት የምናውቀው ሌሎች የማያውቁት ነው። በሐምሌ 2013 ዓ.ም. የሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት ራያ ቆቦ ሲደርስ ስልክም መብራትም ሄደ። ከ2015 ክረምት ጀምሮም በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ከረመ። እንዲህ ባለ ጊዜ ስለ ጨዋታ ማዘን ያሳፍር ይሆናል፤ ሰው የሚያዝንበት ሌላ ብዙ ነገር ነበረው። ነገር ግን ኔትወርክ ሲመለስ ስልኬን ከፍቼ በአንደኛው ቡድን ያገኘሁትን ልንገራችሁ። ሲራራውን አልገደሉትም፣ ለሌላ ሰውም አልሰጡትም። "ሲራራው ወደ በረሃ ወርዶ ገና አልተመለሰም" ብለው በየጊዜው አንድ አንድ መስመር እየጻፉ ቦታውን ጠብቀውለት ነበር። አንዲት ገበያተኛ በየሳምንቱ ጨው አስወድዳ "ሲራራው ይምጣና አየዋለሁ" ትላለች። በሌላኛው ቡድን ደግሞ ሸሽቶ እንደከዳ አድርገው ጽፈውት ጠበቀኝ። ሁለቱም መብታቸው ነበር። የትኛው ቤቴ እንደሆነ ግን አወቅሁ። ስለዚህ ወጉ ሁለት ወገን አለው። የሚዞረው ሰው "በዚህ ሳምንት እዚያ ነኝ" ብሎ ይናገር፤ የሚጠብቀውም ሰው ዝምታን ሁሉ ንቀት አድርጎ አይቁጠር።

ሞት

ካራክተር በአንዱ ጨዋታ ቢሞት በሌላው ይሞታል ወይ? በምስል በሚጫወቱት፣ ለምሳሌ ጂቲኤ ፋይቭ የተባለውን ጨዋታ ፋይቭ ኤም በተባለው ፕሮግራም በሚጫወቱት ዘንድ፣ በብዙ ሰርቨሮች የተለመደው ሕግ የወደቀ ሰው ሲነሳ ከመውደቁ በፊት የነበረውን እንዲረሳ ነው። በጽሑፍ ጨዋታ ግን ሞት ከባድ ነው።

እዚህ ላይ አፄ ቴዎድሮስን አስባለሁ። ብርሃኑ ዘሪሁን በ1958 ዓ.ም. "የቴዎድሮስ ዕንባ"ን፣ አቤ ጉበኛ በ1961 ዓ.ም. "አንድ ለናቱ"ን ጻፉ፤ ግርማቸው ተክለ ሐዋርያትና ጸጋዬ ገብረ መድኅን በተውኔት አቆሟቸው። ቴዎድሮስ ከደራሲ ደራሲ ይለያያሉ፤ አንዱ ጋ ባሕታዊ ይመስላሉ፣ ሌላው ጋ ነበልባል። ግን ሁሉም ጋ መንገዱ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ያበቃል። አንባቢው የሚሳሳላቸው የሞታቸው ቀጠሮ ስላለ ነው። መንገደኛ ካራክተር እንዲህ ነው፤ በአንዱ ጨዋታ በእውነት ከሞተ በሌላው ሊቀጥል አይገባውም። ከቀጠለ ሞቱን አብረውት የጻፉት ሰዎች ዕንባ ሐሰት ሆኖ ይቀራል። መንትያ ከሆነ ይቀጥል፤ ቢያንስ ግን ለቀስተኞቹ ገና ድንኳኑን ሳይነቅሉ በሌላ ሰርግ ላይ ሲጨፍር አይታይ።

ጥፋትና ስም

ጨዋታው ጨዋታ ሆኖ ያልቀረበትን አንድ ነገር ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። በላምዳሙ የጽሑፍ ዓለም ውስጥ በመጋቢት 1993 እ.ኤ.አ. ሚስተር በንግል የተባለ ካራክተር ሌሎች ካራክተሮችን ያለ ባለቤቶቻቸው ፈቃድ አዋራጅ የወሲብ ድርጊት የፈጸሙ አስመስሎ ጻፈባቸው። ተጫዋቾቹ ተሰብስበው ተሟገቱ፤ በመጨረሻ ከአስተዳዳሪዎቹ አንዱ ካራክተሩን አጠፋው። ጋዜጠኛው ጁሊያን ዲቤል በዚያው ዓመት የጻፈው ዘገባ ነገሩን ለዓለም አስታወቀ። ብዙም ሳይቆይ ከዚያ ተጫዋች ዘንድ ዶክተር ጄስት የሚባል አዲስ ካራክተር መጣ።

ይህ የእኛን ጥያቄ ገልብጦ ያሳየናል። እኛ የምንጠይቀው አንድ ካራክተር በብዙ ጨዋታ ሲገኝ ነው። እዚያ የታየው አንድ ሰው በብዙ ካራክተር ሲደበቅ ነው። ከሁለቱ ለእኔ የሚከብደኝ ሁለተኛው ነው። ያንኑ ስም ይዞ የሚዞር ሰው ቢያንስ ይታወቃል፤ አንዱ ቡድን ቢያባርረው ሌላው ይሰማል። ስለዚህ የአንድ ካራክተር ተጫዋቾችን "ሌላ መፍጠር አይችሉም ወይ?" እያሉ ለሚያናንቋቸው የምመልሰው፣ በስም መጽናት ራሱ የኃላፊነት ምልክት ነው ብዬ ነው። አድሚኖችም ቢሆኑ ካራክተሩ በሌላ ጨዋታ ክፉ ሚና ስለተጫወተ ሊያባርሩት አይገባም፤ ሌባ መጫወት መስረቅ አይደለም። ሊመዝኑት የሚገባው ተጫዋቹ በሰው ላይ ያደረሰውን ነው።

ገጸ ባሕርዩ የማን ነው?

አንድ ሌላ ነገር ብቻ ልጨምር። ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስ በ1932 እ.ኤ.አ. ጎንደር ገብቶ በባለ ዛሯ በመልካም አየሁ ቤት የዛርን ሥርዓት ለወራት ተከታተለ፤ በ1958 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍም ነገሩን ከቴአትር ጋር አስተያይቶ ጻፈበት። ለባለቤቶቹ እምነት እንጂ ጨዋታ አልነበረምና እኩል አላደርጋቸውም። ነገር ግን እዚያ ያለው ሥርዓት ያስተምረኛል። እንደ ሰይፉ ጨንገር፣ እንደ ራሔሎ ያሉት የዛር ስሞች የአንድ ሰው ብቻ አልነበሩም፤ በተለያየ ሰው ላይ ይወርዳሉ፣ እያንዳንዱም በራሱ ፉከራና ልብስ ይለያል። ማንም "ራሔሎ የእኔ ብቻ ናት" አይልም፤ ሁሉም ግን እንደ ክብሯ ይቀበላታል። ከታወቀ ልብ ወለድ ወይም ፊልም የተወሰደ ካራክተር ይዘው የሚጫወቱ ሰዎችም በአንድ ቡድን ሁለት ተመሳሳይ ሰዎች ሲገናኙ የሚጣሉት ይህ ስለሚጎድላቸው ነው። ቀድሞ የገባው ቦታውን ይያዝ፣ በኋላ የመጣው ይጠይቅ፤ በሌላ ቡድን ደግሞ ተራው ይገለበጣል።

ዳሰሳዬን ስጠቀልለው አንድ ነገር ላይ ይቆማል። ካራክተርን ከጨዋታ ጨዋታ ማዞር ነውር አይደለም፤ እንዲያውም ሰው የደከመበትን ይወዳልና ደስ የሚል ነገር ነው። ከእኛ ጋር የሚሻገረው ግን ጠባዩ ነው። ታሪኩ ከጻፉት ሁሉ ጋር ይቀራል፣ ተጠይቆም ይወሰዳል። ሀብቱ በር ላይ፣ ምሥጢሩ ሆድ ውስጥ፣ ስሙ ደግሞ ፊት ለፊት ይቀመጣል።

ለዚያች ተጫዋች ይቅርታ ጠይቄ፣ በሁለተኛው ቡድን ጽሑፉ የሁለታችን መሆኑን ገልጬ አስተካከልኩት። አሁን በሦስተኛው ቡድን ሚስቱን በሌላ መልክ፣ በሕይወት እያለች፣ አብረን እየጻፍን ነው፤ ሐሳቡ የእሷ ነው። እኔም አዲስ ቡድን በገባሁ ቁጥር ሲራራው ገና ግመሉን ሳያራግፍ ይህንን እጽፋለሁ፦ "ጤና ይስጥልኝ። ይህ ሲራራ ነጋዴ ሌሎች ቡድኖች ውስጥም አለ። እዚህ የመጣው መንትያው ነው፤ ከዚያ ያመጣው ጨውም ታሪክም የለም። የትኛው እንደሆነ ግራ የገባው ሰው ይጠይቀኝ።" ከዚያ ሲራራው ይገባና የከብቶቻችሁን ጤና ይጠይቃል።